የሽቶ ኮምፒውተርና የአማቹ ኮንሶል

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋይዋና ሚስቱ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ሽቶ ነው። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ ቢለምንም ቢቆጣም አልቀየሩለትም። ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚመጥጥ ቦቴ መኪና ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው። ጠዋት የጉድጓድ ክዳን ይከፍታል፣ ወፍራሙን የጎማ ቱቦ ያስገባል፣ ፓምፑን ያስነሳል፣ ቦቴው ሲሞላ ወስዶ አራግፎ ይመለሳል። አሥር ሰዓት ሲሆን ጋራዡ ጥግ ያለችው የቆርቆሮ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ በሳሙና፣ አንድ ጊዜ በሎሚ፣ ጥፍሩን በብሩሽ፣ ጆሮውን በጥጥ። ሲወጣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ አንገቱ ሥር ሁለቴ ተረጭቶ ነው።

«ዛሬም ሠርግ አለ?» ይሉታል።

«አለ፤ እናንተ ግን አልተጠራችሁም።»

ከፍሳሽ ጋር ጠብ የለውም። ክዳኑ ሲነሳ ሌላው ሰው ፊቱን ያዞራል፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «እዚህ ዘይት ደፍተውበታል፤ ቱቦውን ይዘጋዋል» ይላል፣ ልክ ሐኪም ምላስ እንደሚያይ። የሚያንገሸግሸው ሌላ ነገር ነው። ጣቱን በምራቁ አርሶ ወረቀት የሚገልጥ ሰው ያንገሸግሸዋል። ሱቅ ውስጥ ዳቦ አንድ በአንድ ጨምቆ የሚመርጥ ሰው ያንገሸግሸዋል። እጁ ላይ አስነጥሶ ያንኑ እጁን ለሰላምታ የሚዘረጋማ ቀኑን ሙሉ ምግብ ያስጠላዋል። ቆሻሻ በቦታው ሲሆን ሥራ ነው ብሎ ያምናል፤ ሰው ሲለቀልቀው ነው ሆዱ የሚገለበጠው።

ቤቱ ሁለት ክፍል ናት። ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ አንድ ልጅ አለቻቸው፣ እሷም ቅየሳ ልታጠና ሌላ ከተማ ኮሌጅ ገብታለች። ልጅቷ ስትሄድ የተወችለት ነገር ቢኖር ጌም ነው። ከባድ መኪና የሚያስነዳ ጌም፤ ከከተማ ከተማ ጭነት መውሰድ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷ ማደሪያዋ ውስጥ ላፕቶፗን ከፍታ፣ እሱ መኝታ ቤት ጥግ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ተከታትለው ይነዳሉ። ወሬያቸውን የሚያወሩት እዚያ ላይ ነው። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ቃል የማይወጣት ልጅ፣ መሪ ስትይዝ ስለ መምህሯም፣ ስለ ጓደኛዋም፣ ስለ ሆድ ቁርጠቷም ትለፈልፋለች።

ሚስቱ መጀመሪያ ላይ ስቃበት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ነድተህ ቅዳሜንም ትነዳለህ?»

«ይሄኛው አይሸትም» አላት።

ጌሙ ውስጥ ያለችው መኪናው ነጭ ናት። የሚጭነው ወይ ወተት ወይ የመስኮት መስታወት ነው። አንድ ቀን ልጁ ልታናድደው፣ «አባዬ፣ የከብት እበት የሚወስድ ይፈልጋሉ፣ ላስመዝግብህ?» ብትለው፣ «ከመንገዴ ውረጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁለቱም በሳቅ ፈርሰው መኪኖቻቸውን ቦይ ውስጥ ከተቱ።

ነገሩ የተበላሸው ጌሙ የታደሰ ጊዜ ነው። አዲሱ ጌም ዛፉም፣ ዝናቡም፣ የመንገዱ ውሃም የእውነት መሰለ፤ የሽቶ ኮምፒውተር ግን ይህን ሁሉ መሸከም አቃተው። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥ ይላል፣ ድልድዩ ግማሹ ይታያል ግማሹ አይታይም።

«አባዬ፣ የት ደረስክ?»

«ድልድዩ ላይ ነኝ።»

«ድልድዩን ካለፍን እኮ አሥር ደቂቃ ሆነን!»

በሦስተኛው ቅዳሜ ልጅቷ ቁርጡን ነገረችው። «ግራፊክስ ካርዱን ቀይርና ራም ጨምርበት። ሌላው ደህና ነው።»

«ካርዱ ምንድን ነው የሚሠራው?»

«ሥዕሉን የሚሥልልህ እሱ ነው። ሠዓሊው አርጅቷል በለው።»

ለሚስቱ ሲነግራት ገና ሳይጨርስ፣ «ጋሼ እያለ ሌላ ቦታ እንዳትሄድ» አለችው።

ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟን ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ደብተር የገዛላት፣ ጫማ ያደረገላት፣ እስከ ኮሌጅ ያስተማራት እሱ ነው። አሁን ዋናው መንገድ ላይ ባለሁለት በር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። እስከ ዛሬም «ሚጢዬ» እያለ ነው የሚጠራት። እሷም ስለ እሱ ስታወራ ድምጿ ይለሰልሳል። ሽቶ ደግሞ ሰውየውን ሲያየው ዓይኑ ሌላ ቦታ ሄዶ ያርፋል፤ ስቴኪኒው ላይ። አማቹ ስቴኪኒ ከአፉ አይለይም። ጥርሱን ይጎረጉርበታል፣ ከዚያ ጥፍሩን፣ ከዚያ መልሶ ጥርሱን። ሽቶ ይህን ለሚስቱ ነግሯት አያውቅም። ምን ብሎ ይነግራታል?

ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሱቁ ሄደ። አማቹ ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ ብሎ አቀፈው፣ ክዳኑንም በገዛ እጁ ፈታው። ውስጡ ሲታይ ሽቶ መሬት ብትውጠው ደስ ባለው። ከላይ በየቀኑ በጨርቅ የሚወለውለው ኮምፒውተር ውስጡ አቧራ ጋግሯል፤ ማራገቢያው ላይ እንደ አሮጌ ፍራሽ ጥጥ ተድቦልቡሏል።

«ሽቶዬ! ይሄ የኮምፒውተር ነው የቦቴህ ሆድ?» አለ አማቹ፣ ደንበኛ እየሰማ።

የሱቁ ቴክኒሻን ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ነጭ ጋዋን የምትለብስ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ኮምፒውተሩን ወደ ጠረጴዛዋ ወስዳ አቧራውን በብሩሽና በአየር አራገፈችው፣ ሞከረችው፣ ከዚያ ቀና ብላ፣ «ጋሽ ሽቶ፣ ሰውነቱ ጤነኛ ነው። ካርድና ራም ብቻ ነው የሚፈልገው። እንዲያውም አብዛኛው ጥፋት የአቧራው ነበር» አለችው።

አማቹ ስቴኪኒውን ወደ እሷ ቀሰረ። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ።» ወደ ሽቶ ዞረ። «ስማኝ ወንድሜ። ለሬሳ ኮት ትገዛለህ? ዛሬ ካርድ ትላለህ፣ ነገ ሌላ ይሄዳል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። ኮንሶል ግዛ፤ የጌም ብቻ ማጫወቻ ነው። ሰካህ፣ ተጫወትክ፣ አለቀ። መፍታት የለ፣ መጥረግ የለ።»

«ከልጄ ጋር ያገናኘኛል?»

«ከመላው ዓለም ጋር ያገናኝሃል!»

ሽቶ በዓይኑ ጥግ ቴክኒሻኗን አያት። አንገቷን አቀርቅራ፣ ጭንቅላቷን በትንሹ ወዘወዘች። ኮምፒውተሩን ይዞ ሲወጣ እስከ በር ሸኘችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጅዎ የምትጫወተው ኮምፒውተር ላይ ነው። ያ ጌም ኮንሶል ላይ የለም፤ አያገናኝዎትም» አለችው። እሱም አማቹ ሳያውቅ ይሆናል ብሎ አለፈ። የሚስት ወንድም ነው፤ ውሸታም ነው ብሎ መጀመር ይከብዳል።

እውነቱን ለመናገር ኮንሶሉ እሱንም ልቡን ከፍሎታል። ያ አቧራ አሳፍሮታል። ዕቃው የተዘጋ፣ ለስላሳ፣ ጥቁር ሣጥን መሆኑ ደስ አለው። ልጁም ከጓደኞቿ የአንዷን ኮንሶል ብትዋስስ? ሌላ የመኪና ጌም ቢለምዱስ? ሁለት ሳምንት እንዲህ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየ። አማቹ ደወለ። አንድ ሰው ያገለገለ ኮንሶል ሊሸጥ ነው፣ ቤቱ ሽቶ ከሚሠራበት ሰፈር አጠገብ ነው፣ ሄዶ ይየው፤ ከወደደው ለራሱ ይውሰደው፣ ካልወደደው ለሱቁ ይሆናል።

ሥራ ሲጨርስ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ተረጭቶ ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈተለት ካናቴራ የለበሰ፣ ሆዱ የገፋ ሰው ነው፤ አንድ እጁ ላይ መጥበሻ ይዞ በቁሙ እየበላ ነበር። ሽቶ ደፉን ሳይረግጥ አፍንጫው ሥራውን ጀመረ። የረጠበ ብርድ ልብስ። የከረመ ዘይት። ከሁለቱ ሥር ደግሞ አንድ ጣፋጭ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ሽታ። ይህን ሽታ ያውቀዋል። የቆየ የጉድጓድ ክዳን ሲነሳ መጀመሪያ ፊት ላይ የሚመጣው እሱ ነው፣ ከፍሳሹ በፊት። የበረሮ ሽታ ነው።

«ግባ፣ ግባ! ይሄውልህ፣ እየሠራ ነው፣ እንድታየው ብዬ ከጠዋት ጀምሮ አላጠፋሁትም» አለ ሰውየው።

ኮንሶሉ ቴሌቪዥኑ ሥር ነው። ሽቶ እጁን ሲያሳርፍበት ይፋጃል። ግራ ጠርዙ ላይ ምስር የምታህል የሲጋራ ጠባሳ አለችው። ጎንበስ ብሎ በአየር ማስወጫው ቀዳዳ ሲያይ፣ ከውስጥ ሁለት ቀጫጭን ፀጉር ወጥቶ አየሩን ዳሰሰ። ከዚያ ሌላ ሁለት። ከዚያ ባለቤቶቻቸው ወጡ፤ ቡናማ፣ ሰፋ ያሉ፣ ሳይቸኩሉ።

ሰውየው አንደኛውን በመዳፉ ጨፈለቀው፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገው። «ሙቀት ስለሚወዱ ነው። ጌሙን አይነኩትም። እሺ፣ ተስማማን?» ብሎ ያንኑ እጁን ዘረጋ።

ሽቶ የተዘረጋውን እጅ አየ። ከመዳፉ መሃል አንድ ቀጭን እግር ተጣብቋል። ደረጃውን እንዴት እንደወረደው አያውቅም፤ የሚያስታውሰው ታች ደርሶ ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጉድጓድ ላይ ሲቆም አንድም ቀን ያላስመለሰው ሰው፣ ያን ቀን አጥር ሥር አስመለሰ።

ወዲያው ለአማቹ ደወለ። ያየውን አንድም ሳያስቀር ነገረው። አማቹ ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ? ሽንት ቤት ውስጥ ውለህ በረሮ ፈራህ?»

«የምውልበት ሌላ፣ የምገባበት ሌላ። ያንን ነገር ቤቴ አላስገባም። አንተም ሱቅህ አታስገባው፤ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ያጠፋብሃል።»

«እሺ በቃ፣ ተወው። ማን ይገዛዋል?»

ሽቶም ያን ዕለት ወሰነ። ኮምፒውተሩን ያስጠግናል። ለሚስቱ ነገራት፤ እሷ ግን ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ከሐሳቡ ጋር አልገጠመላትም። ሰውየው ኮንሶል ኮንሶል ሲል ከርሞ በአንድ ቀን ለምን ተወው? በረሮውን አልነገራትም፤ ምግብ እየበሉ ነበር። ስለዚህ ወንድሟን ጠየቀችው። ወንድሟም፣ «ሚጢዬ፣ ባልሽን አታውቂውም? ልቡ ኮንሶሉ ላይ ነው፤ ወጪ ፈርቶ ነው» አላት።

አርብ ከሰዓት ሽቶ ቤት ሲገባ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። ዓይኑን እንዲጨፍን አድርጋ እጁን ይዛ መኝታ ቤት አስገባችው። ዓይኑን ሲገልጥ ኮምፒውተሩ ጎን አንድ ጥቁር ኮንሶል፣ በቀይ ሪባን ታስሮ፣ የአበባ ሽታ እያወጣ ተቀምጧል። እሷ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ እንደ ልጅ ትስቃለች።

«ጋሼ ነው ያመጣልኝ! ትንሽ የተነካ ነው እንጂ አዲስ በለው። ከራሴ ነው፤ ቆጥቤ ነው።»

ሽቶ ሆዱ ባባ። አቀፋት። ራሷን ሳመ። ከዚያ ሪባኑን ሊፈታ ኮንሶሉን ወደ ራሱ ሲያዞረው አውራ ጣቱ ግራ ጠርዙ ላይ አረፈ። ምስር የምታህል ጎድጓዳ። በጥቁር ቀለም ተቀብታለች፣ ግን ጎድጓዳነቷ አልጠፋም። ከአበባው ሽታ ሥር ያ ጣፋጭ ነገር መጣ፣ ጉሮሮው ላይ ተለጠፈ።

ሚስቱ ፊቱን እያየች ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አልወደድከውም?»

«መቼ ነው ያመጣሽው?»

«ማክሰኞ።»

«እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ። እንዳታየው አንሶላዎቹ መሃል ደበቅኩት። ምነው?»

ሽቶ በልቡ ቆጠረ። አርብ ነው። ሦስት ቀን። ረቡዕ የቀየሩት አንሶላ ከዚያ ቁም ሣጥን የወጣ ነው።

ኮንሶሉን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ወደ በረንዳው አወጣ፣ ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ አነጠፈ፣ ጓንቱን አደረገ፣ መፍቻ አመጣ። «ነይ፣ ቆመሽ እዪ» አላት። ሪባኑንና አራቱን ብሎን ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ ነጩ ጨርቅ ላይ መጀመሪያ ጥቁር ነገር ፈሰሰ፤ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ኩሳቸው ነው። ከዚያ የደረቁት ረገፉ። ክንፍ፣ እግር፣ ባዶ ቆዳ። ማራገቢያው ጥግ ላይ ቡናማ ቡናማ የእንቁላል ከረጢቶች በተርታ ተለጥፈዋል፤ ከአንዱ ነጫጭ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ግልገሎች እየወጡ ነበር። በሕይወት ካሉት አንድ ትልቅ በረሮ ከውስጠኛው ሰሌዳ ሥር ተነስቶ፣ የተፈታው ሪባን ላይ ወጥቶ፣ ቆም ብሎ ወደነሱ የሚያይ መሰለ።

ሚስቱ ዞራ ወደ መኝታ ቤት ገባች፤ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት ሰማት። አንድ አንሶላ ዘረጋች። ሁለተኛውን ዘረጋች። ከዚያ ሮጣ ወደ መታጠቢያው ሄደች።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ጋሼ አያውቅም» አለች።

«ያውቃል።»

«በምን አወቅህ?»

«የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ካናቴራውን፣ መጥበሻውን፣ የተዘረጋውን እጅ፣ ስልኩን፣ ሳቁን። እሷ የበረንዳውን ብረት ይዛ ሰማችው። በመጨረሻ፣ «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለች።

በማግሥቱ ሱቁ ውስጥ አንድ ባልና ሚስት ቴሌቪዥን እየመረጡ ነበር። አማቹ እህቱን ሲያይ እጁን ዘርግቶ፣ «ሚጢዬ!» አለ። እሷ በፕላስቲክ የታሰረውን ኮንሶል መስታወቱ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠች። በፕላስቲኩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ይታያል። ቴሌቪዥን ስትመርጥ የነበረችው ሴት አየችና ወደ ኋላ ሸሸች።

«ጋሼ፣ ለኔ ነው ይሄን የሸጥከው?»

ሰውየው ፕላስቲኩን አየ። እህቱን አየ። ደንበኞቹን አየ። ሽቶ ትክ ብሎ ያየው ነበር፤ አንዲት ቅጽበት፣ አንዲት ብቻ፣ ሰውየው ሊያፍር ነው ብሎ ጠበቀ። ስቴኪኒው ከአንዱ የአፉ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ተሻገረ።

«እኔ ንጹሕ ዕቃ ነው የሸጥኩልሽ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለደንበኞቹ። «ባልሽ ቀኑን ሙሉ የሰው ሽንት ቤት ውስጥ ነው የሚውለው። በረሮው ከየት እንደመጣ እኔን ትጠይቂኛለሽ? ልብሱን ጠይቂው!»

ሽቶ ፊቱ ጋለ። እንደዚህ ያለ ነገር ሲባልበት የመጀመሪያው አይደለም፤ በልጅነቷ ልጁን እንኳ ትምህርት ቤት ሰድበዋታል። ግን ይህ ሰው ገበታው ላይ አብሮት የበላ፣ እሱ ራሱ እጁን ያስታጠበው፣ ልጁን ያቀፈ ሰው ነው። ሊመልስ ወደ ባንኮኒው ተጠጋ።

የተናገረችው ቴክኒሻኗ ናት። ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ፣ ድምጿን ሳትጨምር፣ «ፍሪጅ ውስጥ ነበር» አለች። «እንዲሞቱ ብሎ ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠው፤ ምሳችን አጠገብ። እንቁላሉ አይሞትም፣ ልፍታውና ላጽዳው ስለው ጊዜ የለም አለኝ። ጠባሳውን ቀለም ቀቢ ብሎኝ እምቢ ስል ራሱ ቀባው። ሽቶውንም ራሱ ረጨው።»

«ውጪ!» አለ አማቹ። «አሁኑኑ! ከሱቄ ውጪ!»

ተነሳች። ጋዋኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለች፣ የራሷን የመፍቻ ቦርሳ አነሳች፣ እያንዳንዱን መፍቻ ቆጥራ ከተተች። ባልና ሚስቱ ደንበኞች ቀድመዋት ወጥተዋል።

ሱቁ ባዶ ሲሆን አማቹ ወዲያው ተለወጠ። ድምፁ ለዘበ፣ ባንኮኒውን ዞሮ የእህቱን ትከሻ ያዘ። «ሚጢዬ፣ የኔ እናት፣ በሰው ፊት እንዲህ ይደረጋል? ሥራ ነው፤ ሥራ ላይ ያጋጥማል። በቃ፣ ገንዘብሽን ውሰጂ፤ ዕቃውን እዚያው ተይልኝ።»

ሽቶ ያኔ ገባው። ተይልኝ ያለው ለምንድን ነው? መልሶ ሊሸጠው ነው። ሰኞ ቀለሙን ያድሳል፣ ሽቶውን ይደግማል፣ ማክሰኞ ሌላ ሰው ቤት፣ ሌላ ሰው አንሶላ መሃል ይገባል። እያፈረ እንኳ፣ ካፈረ፣ እጁ ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል።

«ገንዘቡ ይቅር። ዕቃውን እንወስደዋለን» አለ ሽቶ፣ ፕላስቲኩንም አነሳ።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ላንተ እንዳይሆን።»

ሚስቱ የወንድሟን እጅ ከትከሻዋ ላይ በሁለት ጣት አንስታ ወደ ጎን አደረገችው። ሽቶ ይህን አይረሳውም። ሰው ከምግብ ላይ ፀጉር ሲያነሳ እንደሚያደርገው ነበር ያነሳችው። ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ኮንሶሉን ከነፕላስቲኩ ከቦቴው የኋላ ጎማ ሥር አስቀመጠና ሁለቴ ሄደበት። ባልደረቦቹ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «የአማቼ ስጦታ» አላቸው፤ ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም።

ቤቱን ማጽዳት ወር ፈጀ። አንሶላው ተቀቀለ፣ ቁም ሣጥኑ ግቢ ወጥቶ በፈላ ውሃ ታጠበ፣ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ሦስት ጊዜ ተጠራ። ጨረስን ባሉ ቁጥር አንድ ግልገል ከምጣዱ ሥር ወይ ከሚስቱ የመዋቢያ ሣጥን ውስጥ ይወጣል። ሚስቱ ልብስ ከመልበሷ በፊት እያንዳንዱን ታራግፋለች። ቡና ስታነሳ ሲኒው ሥር ታያለች። የሁሉም የከፋው ግን ስልኩ ነበር። አክስቶች ደወሉ፣ የአክስት ልጆች ደወሉ። አማቹ ቀድሞ ለሁሉም አውርቶላቸዋል፤ በሱ ወሬ ውስጥ አንዲት በረሮ ናት፣ እሷም ከሽቶ ቤት የወጣች። «ለአንዲት በረሮ ያሳደገሽን ወንድም ታኮርፊያለሽ?» ይሏታል። መጀመሪያ ላይ ታስረዳ ነበር። በኋላ፣ «አዎ፣ ለአንዲት በረሮ» ማለት ጀመረች።

ኮምፒውተሩን የሠራችው ቴክኒሻኗ ናት። ሌላ ሥራ እስክታገኝ ቤቷ ውስጥ ሰዎችን ታስተናግዳለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ከመስኮቱ ብርሃን በቀር ያረፈ ነገር የለም። ካርዱን ቀየረች፣ ራሙን ጨመረች፣ አቧራው በየስንት ጊዜው መጠረግ እንዳለበት አሳየችው። ሽቶ ከሥራ መባረሯ በሱ ምክንያት እንደሆነ አንስቶ ሊያዝንላት ሲል፣ «ጋሽ ሽቶ፣ እኔ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ምሳዬን ማስቀመጥ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። መውጫ ነበር ያጣሁት» አለችው።

ቅዳሜ ዝናቡ እንደ እውነተኛ ዝናብ ስክሪኑ ላይ ወረደ፣ ድልድዩም ከዳር እስከ ዳር ታየ። ልጅቷ ወሬውን ከእናቷ ሰምታለች። ድልድዩን ካለፉ በኋላ፣ «አባዬ፣ አጎቴ እንደዚያ ሲል ምን ተሰማህ?» አለችው።

«ቀፈፈኝ» አላት። «ንዴት ቢሆን ይሻል ነበር። ንዴት ይበርዳል።»

አማቹ በሦስተኛው ወር መጣ። እሁድ ረፋድ ላይ፣ ሽማግሌ ሳይዝ፣ ብቻውን። እጁ ላይ ማሸጊያው ያልተነካ አዲስ ኮንሶል ይዟል። ተቀመጠ፣ ሻይ ቀረበለት፣ ሳቀ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ አወራ። ስላደረገው ነገር የተናገረው አንድ ነው፤ «ያው፣ በመሃል የሰው አፍ ገብቶ ነው» አለ። ሻዩን ጠጣ፣ ዳቦውን ሦስት አራት ጊዜ ገመጠ። ሽቶ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያ ፊት ላይ የሆነ ምልክት ይፈልግ ነበር፤ ደህና እንቅልፍ ያጣ ሰው ምልክት። አልነበረም። ሰውየው አምሮበታል፣ ወፍሯል።

«ሚጢዬ፣ ይሄ ካሳ ነው። አዲስ ነው፣ እንቺ ራስሽ ክፈቺው» አለ፣ ሣጥኑን ወደ እህቱ እየገፋ።

ሚስቱ ሣጥኑን አልነካችውም። «ጋሼ፣ ያስተማርከኝን አልረሳሁም» አለች። «ስትታመም እመጣለሁ። ስትሞት አለቅሳለሁ። ይሄን ግን ይዘህልኝ ሂድ። እሱንም በሰው ፊት እንዳልከው፣ በሰው ፊት ይቅርታ ሳትለው እዚህ ቤት ሁለተኛ አትቀመጥም።»

«እሱን? ለምኑ ነው ይቅርታ የምለው?» አለ፣ የምር ግራ ገብቶት።

ያ ግራ መጋባት ነው ሽቶን የጨረሰው። ሰውየው አልዋሸም ነበር። ምን እንዳደረገ በእርግጥ አያውቅም።

አማቹ ተነሳ፣ ሣጥኑን ብብቱ ሥር አደረገ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ወጣ። ሽቶ በመስኮት አየው። መኪናው ዘንድ ሲደርስ የፊተኛውን በር ከፈተ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ፍርፋሪ በእጁ አራገፈ፣ መሀረብ ዘርግቶ ሣጥኑን በቀስታ አስቀመጠበት፣ ጥግ ላይ ያረፈችበትን አቧራ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ፣ እንዳይወድቅም ቀበቶ አሰረለት። ሽቶ መጋረጃውን ስቦ ዘጋው።